“ዛሬ ሐዘን የለም” የሚለው ገጽ

ልጄ ኮምፒውተሯ ላይ ከተደረደሩት ትንንሽ ሳጥኖች በአንዷ ላይ ምልክት እንድታደርግ የገፋፋኋት እኔ ነኝ። እሷ አልፈለገችም ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰው ሁሉ በእሷ ላይ ስለፈረደና እኔም አፌን መክፈት በሚገባኝ ቀን ዝም ስላልኩ ነው።

የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ባለ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን አስቀምጬ ልብስ አስተካክላለሁ፤ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የጠበበውን አሰፋለሁ። የሰው ጨርቅ ላይ መቀስ ከማሳረፌ በፊት ሦስት ጊዜ ስለምለካ ደንበኞቼ “እሷ ጋ ይቆያል እንጂ አይበላሽም” ይላሉ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ግን ጥንቃቄዬ ከልብስ አልፎ ሌላውንም ነገር ወረሰው። በሬን ቆልፌ ደረጃውን ከወረድኩ በኋላ ተመልሼ እገፋዋለሁ። ያለችኝ አንዲት ልጅ አምስት ኪሎ ካለው መሥሪያ ቤቷ ትንሽ ከዘገየች ስልክ አነሳለሁ። እዚያ የኮምፒውተር ፕሮግራም ከሚሠሩ ልጆች ጋር ነው የምትውለው። ስደውልላት ጓደኞቿ “ተቆጣጣሪሽ ደወለች” እያሉ እንደሚያሾፉባት ነግራኛለች፤ አልተውኩም።

ሰፈራችን የተነሳ ጊዜ የእኛ ረድፍ ቤቶች ሲቀሩ ከእኛ በታች ያለው በሙሉ ሄደ። ገሚሱ አራብሳ፣ ገሚሱ ገላን፣ ሌላው ጀሞ ደረሰው። ግድግዳ ተጋርተን፣ የአንዱ ቤት ሳል ሌላው ቤት እየተሰማ የኖርን ሰዎች በሁለት ታክሲና በአንድ አውቶቡስ የምንገናኝ ሆንን። እድራችን ግን አልፈረሰም። ሰው ቤቱን ለቆ ሲሄድ እድሩን ይዞ ሄደ። ቀብርም አብዛኛውን ጊዜ በድሮው ደብራችን ይሆናል።

ከሄዱት አንዷ እማማ ነበሩ። እማማ የምላቸው በኋላ በኩል ግድግዳ እንጋራቸው የነበሩትን የታችኛው ረድፍ ጎረቤቴን ነው። ፒያሳ ከነበሩት ሲኒማ ቤቶች በአንዱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርተዋል፤ ፊልም ከተጀመረ በኋላ የሚመጣውን ሰው በእጅ ባትሪ እየመሩ ወንበሩ ድረስ የሚያደርሱት እሳቸው ነበሩ። አልወለዱም። ያላቸው ዘመድ አንዲት የወንድማቸው ልጅ ናት። ግን በሰፈራችን እማማ ያልቆሙበት ቀብር አልነበረም። ዝናብም ቢሆን፣ ጉልበታቸውን ቢያማቸውም፣ ከሟች ቤተሰብ ጋር ተቀያይመው እንኳ ቢሆን ይቆማሉ። ባሌ የሞተ ጊዜ ልጄ ትንሽ ነበረች፤ ለቅሶውን እንዳታይ ቤታቸው ወስደው ያስተኙልኝ እሳቸው ናቸው።

ዕቃቸው መኪና ላይ የተጫነ ቀን እጄን ያዙና እንዲህ አሉኝ፦

“ሞት አይደለም እኔን የሚያስፈራኝ። አልወለድኩም፤ የቀበርኳቸው ሰዎች ልጆች ይቀብሩኛል ብዬ ነው የኖርኩት። አሁን ማን ሰምቶ ይመጣል?”

“እኔ እያለሁ ሰው አያጡም፣ እማማ” አልኳቸው።

“አፍሽ ይባረክ። ግን አንቺ አንድ ሰው ነሽ።”

ሰፈሩ ሳለ እንዲህ ያለ ጭንቀት አልነበረም። ሰው ሲሞት ጡሩንባ ነፊያችን ማለዳ ይነሱና በየቅያሱ እየቆሙ ይነፋሉ፤ ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ በስንት ሰዓት እንደሆነ ይለፍፋሉ። የወሎ ሰው ናቸው፣ ሙስሊም፤ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም እኩል ነበር የሚነፉት። ሰው ከተበተነ በኋላ መኪና ማቆሚያ መጠበቅ ያዙ። ስለ ሥራቸው ሲጠየቁ “ከፒያሳ ተነፍቶ አራብሳ የሚሰማ ጡሩንባ ያለው ያምጣልኝ፤ ሳንባው ከእኔ” ይላሉ።

መጀመሪያ በስልክ መጠራራት ሞከርን። አንዱ ለአንዱ ይነግራል ሲባል መሀል ላይ ያለው ይረሳና ከእሱ በታች ያለው ሁሉ ሳይሰማ ይቀራል። ቀጥሎ የቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ። እሱ ደግሞ “መልካም ሰኞ” በሚል የአበባ ሥዕልና በበዓል ካርድ ተሞላ፤ ሰው ሰልችቶት ድምፁን ዘጋው። የአንድ አባወራ ሞት በሁለት “እንኳን አደረሳችሁ” መካከል ጠፍቶ ቀረና ቤተሰቡ ከእድሩ ጋር እስከ ዛሬ አልታረቀም።

ያኔ ነው ልጄ ፕሮግራሟን ያስታወሰችው። ሰፈሩ ሳይነሳ፣ የእድሩ ቤት ውስጥ በነበረ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ የሠራችው ነው። የአባላቱን ስም፣ ፎቶና የቤት ቁጥር ይይዛል፤ ሰው ሲሞት ደግሞ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ማስታወቂያ አዘጋጅቶ ያወጣል። እድሩ ቤት ሲፈርስ ፕሮግራሙን ወደ ራሷ ኮምፒውተር አዛውራው ነበር። አሁን ድረ ገጽ አድርጋው፣ ሰው ሁሉ በየስልኩ ጠዋት ጠዋት ከፍቶ እንዲያየው አሰበች። ድሮ ጡሩንባ እንደምናዳምጠው ማለት ነው።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጠረጴዛችን ላይ ኮምፒውተሯን ከፈተችና ከአጠገቧ ወንበር ሳበችልኝ። ፕሮግራሙ ለአንድ ኮምፒውተር የተሠራ ስለሆነ በስልክ እንዲከፈት ሁሉም ነገር በአንድ ጥቅል እንደ አዲስ መታሸግ አለበት አለች። ከማሸጓ በፊት ደግሞ የምትመርጣቸው ነገሮች አሉ፤ ይግባ ወይ ይቅር፣ ይነስ ወይ እንዳለ ይሁን የሚሉ። እያንዳንዱ ትንሽ ሳጥን አለው፤ ከፈለግሽ ምልክት ታደርጊበታለሽ፣ ካልፈለግሽ ባዶውን ትተይዋለሽ።

“ኮምፒውተሩን እኔ አውቃለሁ። ሰዎቹን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ አብረን እንምረጥ” አለችኝ።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በልጄ ሥራ ውስጥ የገባሁበት ጊዜ የለም። ፎቶዎቹን እናሳንሳቸው ወይ አለች፤ ካነሱ ቶሎ ይከፈታሉ፣ የሰውም ዳታ አይበሉም። ፊት እስኪጠፋ ግን አታሳንሺ አልኳት፤ ማንበብ የማይችሉት ሰውን በመልኩ ነው የሚለዩት። ጽሑፉ በጣት ሲነካ ይስፋ ወይ አለች። ይስፋ አልኩ። ለሁሉም ነገር “ቢሳሳቱስ? ሳያውቁ ቢነኩትስ?” እያልኩ አስጨነቅኋት፤ እሷም እየሳቀች ጻፈች። መጀመሪያ የሞከረችው ጊዜ ጭነቱን ለማቅለል ብላ የአማርኛ ፊደሉን ከጥቅሉ አስቀርታው ኖሮ፣ በእኔ ስልክ ላይ የአባላቱ ስም ሁሉ ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ መጣ። እሷ እየሳቀች አስተካከለችው። እኔ ግን ያን ሁሉ ሰው ስም የለሽ ሆኖ ሳየው ደነገጥኩ።

እድሩ በየወሩ የሚከፍልበት ነገር እንዳይኖር ብላ ማስታወቂያውንም ከፕሮግራሙ ጋር አብራ ነበር የምታሽገው። ሰው ሲሞት ስሙንና የቀብሩን ሰዓት ትጽፋለች፣ እንደገና ታሽጋለች፣ ትጭናለች። ሐዘን በሌለ ቀን ገጹ ከላይ በትልቁ “ዛሬ ሐዘን የለም” ይላል፤ ከታች የሁላችን ፎቶና አሁን የምንኖርበት ይከተላል። የቸገረው እንዲደውል ብላ መጨረሻ ላይ የእኔን ስልክ ቁጥር አስገባች።

ሠራ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሦስት ሰው ሞተብን፤ ለሦስቱም ሰው ከየዳሩ መጣ። የሙስሊሞቹ ቀብር እንኳ፣ ቶሎ የሚደረገው፣ ሰው አላጣም። የእድሩ ዳኛ በስብሰባ ላይ ልጄን አስነስተው አመሰገኗት። በስልክ እንዲጠራሩ ተመድበው የነበሩትም ከዚህ በኋላ አያስፈልጉም ተብለው ተሰናበቱ።

ችግሩ አንድ ነበር። ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ወይም ሰው ዳታ ሳይኖረው ሲቀር፣ ገጹ አይከፈትም፤ ነጭ ይሆናል። እንዲያ ሲሆን ይደውሉልኛል። በረንዳዬ ላይ ሱሪ ዘርግቼ፣ መርፌ በአፌ ይዤ ስልኬ ይጮኻል። “ነጭ ሆነብኝ እኮ፤ ሰው አለ?” ይሉኛል። የለም እላለሁ። አንዳንዷ “ልጅሽ የሠራችው ነገር ከነጭ ነጠላ በቀር አያሳየንም እንዴ?” ብላ ትስቅብኛለች። ለእነሱ ሳቅ ነው፤ እኔ ግን ልጄ ስትነካ አልወድም።

ከሁሉም የባሰው የእማማ ነበር። አራብሳ የደረሳቸው ምድር ቤት ነው፤ ለመደወል ይበቃል እንጂ ኢንተርኔት እምብዛም አይገባም። የስልካቸውን ገጽ የምታነብላቸው የፎቁ ጎረቤት ናት። ሳምንት ውስጥ አራት ቀን ነጭ ይሆንባቸዋል። እሳቸው ነጭ ሲያዩ ሰው የሞተ ይመስላቸዋል።

“ልጄ፣ ዛሬም ነጭ ነው። ማን ነው? አትደብቂኝ” ይሉኛል።

“ማንም የለም፣ እማማ። ኔትወርኩ ነው።”

“እርግጠኛ ነሽ? ቀብር አምልጦኝ እንዳይሆን።”

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለረጅም ጊዜ መርፌዬን አላነሳም።

ለልጄ ነገርኳት። ነጭ እንዳይሆን ማድረግ አይቻልም ወይ አልኳት። ኮምፒውተሯን አዙራ አንዲት ሳጥን አሳየችኝ። መጀመሪያ ስናሽግ ባዶዋን የተውናት ናት።

“ይቺን ከመረጥናት እያንዳንዱ ስልክ አንድ ቅጂ ለራሱ ያስቀምጣል። ኔትወርክ ባይኖርም ይከፈታል።”

“ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?”

“የሚከፍተው ያስቀመጠውን ነው፣ እማዬ። እኔ አዲስ ብጭን እንኳ መጀመሪያ የሚያሳያቸው የድሮውን ነው። ዳታ ከፍተው፣ ገጹን ዘግተው፣ እንደገና ካልከፈቱት አዲሱን አያዩም።”

“እንዲያ አድርጉ ብለን እንነግራቸዋለን።”

“ለማን? ለእማማ?”

ግን አልተውኩም። በማግስቱም አነሳሁት፣ በሦስተኛው ቀንም። አንቺ እዚያ ቢሮ ተቀምጠሽ ድምፃቸውን አትሰሚም አልኳት። ልባቸው በየጠዋቱ እየተሰቀለ በድንጋጤ ይሞታሉ አልኳት። ነጭ ከማየት የትናንቱን ማየት አይሻልም ወይ አልኳት። መጨረሻ ላይ የማይባል ነገር ተናገርኩ፤ “ለሳቸው ባታዝኚ ለእኔ እዘኚ” አልኳት። እሷ ፊቷን አዞረች።

“እሺ። ከላይ መቼ እንደታሸገ ቀኑን እጽፍበታለሁ። እሱን ካዩ ያውቁታል።”

ሳጥኗን ነካቻት። ቀኑንም ጻፈችው፤ ግን “ዛሬ ሐዘን የለም” ከሚለው ሥር በትንሹ ነበር። ትንሽ ጽሑፍ ማን ያነባል።

ከዚያ በኋላ ስልኬ ዝም አለ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ነጭ ሆነብኝ የሚል ጠፋ። እማማ ደውለው መረቁኝ። “አሁን በየቀኑ ይከፈታል። በየቀኑ ሐዘን የለም ይላል። እግዜር ይስጥሽ፣ እንቅልፍ ሰጠሽኝ” አሉኝ። ለልጄ ነገርኳትና “አየሽ?” አልኳት። አዎ፣ “አየሽ?” ብያታለሁ።

ሳጥኗ ከተመረጠች ወዲህ በእድራችን የሞተ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያዋ እማማ ሆኑ።

ረቡዕ ጠዋት የወንድማቸው ልጅ ደወለችልኝ። ለጥየቃ ስትሄድ ተኝተው ነው ያገኘቻቸው፤ ሳይታመሙ፣ ሳይጣሩ። አስከሬኑ ወደ ድሮው ደብራችን እንዲመጣ፣ ቀብሩም ዘጠኝ ሰዓት እንዲሆን ተስማማን። ለልጄ ደወልኩ። አለቀሰች፤ ከዚያ “አሁኑኑ እጭነዋለሁ” አለችኝ። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ በእኔ ስልክ ላይ የእማማ ፎቶ ከላይ ወጥቶ፣ ስማቸውና ሰዓቱ ተጽፎ አየሁት። በእኔ ስልክ ላይ ወዲያው የታየው ልጄ በራሷ መንገድ ስላስተካከለችልኝ መሆኑን ያን ጊዜ አላሰብኩም። ሁሉም ያየውን የማየው መሰለኝ፤ በረድፋችን የቀሩትን እንኳ በራቸውን አላንኳኳሁም። በረንዳዬን ዘግቼ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ሄድኩ።

ጠዋት በስልክ የነገርኳቸው ጡሩንባ ነፊ የእድሩን አግዳሚ ወንበሮች በጋሪ አምጥተው ደጀ ሰላሙ አጠገብ ደርድረዋቸው ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ ባዶ ነበሩ፤ ገና ነው አልኩ። ስምንት ተኩል ላይ አስከሬኑ መጣ። ከእሱ ጋር የወንድማቸው ልጅ፣ የፎቁ ጎረቤታቸውና ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ወረዱ። ታክሲ አጥተው ይሆናል አልኩ። መንገድ ተዘግቶ ይሆናል አልኩ። ልጄ ከአምስት ኪሎ በእግሯ እየሮጠች መጣች፤ ወንበሮቹን ስታይ ቆመች። እኔ ምክንያት እደረድራለሁ፣ እሷ ግን በዓይኗ አንድ ነገር እያሰላች ነበር።

ቄሱን ትንሽ እንዲታገሱን ለመንኳቸው። ታገሱን። እንደገና ለመንኳቸው። ሌላ ቀብር እንዳለባቸው ነገሩኝ፤ አልተቆጡም። ወደ ጎን ወጣሁና ገላን ወዳለችው የድሮ ጎረቤታችን ደወልኩ። እማማ እናቷንም አባቷንም የቀበሩላት ሴት ናት።

“የት ደረሳችሁ?” አልኳት።

“የት?”

“ቀብር ነዋ።”

“የማን ቀብር?” አለች። “ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ አይቼዋለሁ እኮ፤ ዛሬ ሐዘን የለም ነው የሚለው።”

የመለስኩላትን አላስታውስም። ስነግራት የጮኸችውን ግን አስታውሳለሁ። አሁኑኑ ልምጣ አለች፤ ከገላን ለመድረስ ሁለት ሰዓት ነው። ስዞር ልጄ ከኋላዬ ቆማለች። ነገሩን አልጠየቀችኝም።

ቃሬዛውን የሚሸከም ወንድ እንኳ አልሞላም ነበር። ጡሩንባ ነፊው ወጥተው ከመኪና ማቆሚያው አብረዋቸው የሚውሉትን ጠባቂዎች ጠሩ፤ የሥራ ሰደርያቸውን ሳያወልቁ መጥተው ተሸከሙ። ከመካከላቸው እማማን የሚያውቅ አልነበረም። ስንቆጠር፣ ቄሱን ሳይጨምር፣ አሥራ አንድ ነበርን።

የእድራችን ደንብ ከቀብር በኋላ እዚያው ስም እንዲጠራ ያዛል። ያለው “አለሁ” ይላል፤ የሌለው ቀሪ ተብሎ ይያዛል። ስም የሚጠሩት ጡሩንባ ነፊው ናቸው። ወረቀቱን ከኪሳቸው አውጥተው ያዙና ወደ እኔ መጡ።

“ልጥራ ወይስ ልተወው?” አሉኝ።

ተዉት ማለት እችል ነበር። “እሳቸው አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም። ይጥሩት” አልኩ።

ጠሩት። አንዱን ስም ይጠራሉ፣ ሰው ከሩቅ መልስ የሚሰጥ ይመስል ትንሽ ይጠብቃሉ፣ በእርሳስ ምልክት ያደርጋሉ፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። አላሳጠሩትም። ከመቶ በላይ ስም ነው። ያን ሁሉ ሰው አውቀዋለሁ፤ የእያንዳንዱን በር፣ የእያንዳንዱን ሠርግ። ከመቶ በላይ ጊዜ ዝም ተባለ። የእኔ ስም ሲደርስ “አለሁ” አልኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ወደ መጨረሻው የእማማ ስም ነበረ፤ ከዝርዝሩ ገና አልወጣም። ጡሩንባ ነፊው በልማድ ጠሩት። ጠርተው ነው ያወቁት። እርሳሱን እንደያዙ ትኩሱን አፈር ተመለከቱ።

“እሳቸው አሉ” አሉ ዝቅ ብለው። አሉ የሚለውን ምልክት አደረጉና ወረቀቱን አጠፉት።

በሠልስት ቀን ሁሉም መጣ። ድንኳኑ አልበቃ ብሎ ሰው ውጭ ቆመ። ከአራብሳ፣ ከጀሞ፣ ከገላን፤ ደረት እየደቁ የመጡ ነበሩ። እማማ ያን ቀን ቢያዩት የሚፈልጉት ሰው አንድም አልጎደለም። ለቅሶው ግን ቶሎ ቁጣ ሆነ። ልጄ ውኃ እያዞረች ነበር። አንዲት ሴት የሰጠቻትን ውኃ ሳትቀበል አየቻትና፣ “የኮምፒውተር ልጅ፣ ሳንሰማ አስቀበርሽብን” አለቻት። ሌላዋ ደግሞ፣ “ጡሩንባው ምን ጎደለውና ነው ይህ ሁሉ?” ስትል ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኔ ሦስት ክንድ እንኳ አልራቅኩም ነበር። የዳቦ ትሪ ይዤ ነበር። ልጄ ወደ እኔ አላየችም። “ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የእኔ ጥፋት ነው” አለችና ማሰሮውን ይዛ ወደሚቀጥለው ሰው ሄደች። እናቴ ናት ያለችኝ ብላ መናገር ትችል ነበር፤ አልተናገረችም። እኔም ዳቦውን አዞርኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። ፈርቼ ነው። ያን ሁሉ ሰው፣ ያን ሁሉ ዓይን። ስለ ሁሉም ነገር ስፈራ የኖርኩ ሴት፣ ልጄ ስትነከስ ለመናገር ፈራሁ።

የእድሩ ወርኃዊ ስብሰባ እስኪደርስ አሥራ ስምንት ቀን ነበር። በእነዚያ ቀናት ልጄ ከሥራ ስትመጣ ትበላለች፣ ትተኛለች፤ ደህና ዋልሽ ስላት ደህና ትላለች። እኔም በረንዳዬ ላይ ለክቼ የቆረጥኩት ሱሪ አጠረብኝ። በስንት ዘመኔ የመጀመሪያው ነው፤ ደንበኛው ግድ የለም ብሎኝ ሄደ።

ስብሰባው ላይ ልጄ አልመጣችም። የአጀንዳው መጀመሪያ ገጹ ይዘጋ ወይስ ይቀጥል የሚል ነበር። ሰው መናገር ሳይጀምር እጄን አወጣሁ። ከዚያ በፊት በስብሰባ ተናግሬ አላውቅም።

“ልጄ አይሆንም ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ ሦስት ቀን ሙሉ ነዝንዤ ያስደረግኳት። ነጭ ሲሆንባችሁ ትደውሉልኝ ነበር፤ ስትደውሉ ደግሞ ያለውን እነግራችሁ ነበር። እኔ ነጩን ጠላሁት። እማማ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው። ቀሪ የተባላችሁት በእኔ ነው፤ ቀሪነቱን በእኔ ላይ ጻፉት።”

ዳኛው ቀሪ የሚባለው ሰምቶ የቀረ ነው፣ በማንም አይጻፍም አሉ። በሠልስቱ ዕለት ልጄን የተናገረቻት ሴት ከተቀመጠችበት አንገቷን አዙራ አየችኝ።

“ታዲያ ያን ቀን ዳቦ ስታዞሪ ለምን አልነገርሽንም? ልጅቷን እኮ በላናት።”

ክፉ ብላ አልነበረም የጠየቀችው። ልታውቅ ፈልጋ ነው። “ፈራሁ” አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ይቅርታም አላለችኝም፣ አልወቀሰችኝምም። ገጹ እንዲቀጥል፣ በስልክ የሚጠራሩትም እንዲመለሱ ተወሰነ። ጡሩንባ ነፊው ስንወጣ በሩ ላይ ጠበቁኝ። እማማ አንቺን አይቀየሙሽም ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን፣ “ለልጅቷ ሄደሽ ንገሪያት፤ ከሰው አፍ እንዳትሰማው” አሉኝና ወደ መኪና ጥበቃቸው ሄዱ።

በቀጥታ ወደ ቤት ሄድኩ። ልጄ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። የተናገርኩትን አንድ በአንድ ነገርኳት፤ ቀሪነቱን በእኔ ላይ ጻፉት ማለቴን ጭምር። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

“ዘገየሽ፣ እማዬ” አለች።

አልተቆጣችም። ድምፅዋ እንደደከመ ሰው ድምፅ ነበር። ተነስታ ሻይ አፈላችልኝ፣ ስኳሩን እንደምወደው አደረገችልኝ፣ ከፊቴ አስቀመጠችው። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠችና ኮምፒውተሯን ከፈተች። ያቺን ሳጥን ፈልጋ ምልክቱን አነሳች። ሌሎቹንም አንድ በአንድ እያየች ወረደች፤ አንዳንዱ ላይ ረጅም ጊዜ ቆማ ታስባለች፣ ከንፈሯን ትነክሳለች።

እኔ ሻዬን ይዤ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጬ ነበር። ስለ አንዱም ምን ትያለሽ ብላ አልጠየቀችኝም።